ስሙ መድኃኒት ነዋ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በሉ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት የራሷ አፍ ነው። ሻይ ሲቀዳ «ቀስ በሉ»፤ ሰው ደረጃ ሲወርድ «ቀስ በሉ»፤ ባጃጅ ሲታጠፍ፣ ክብሪት ሲጫር፣ በር ሲዘጋ «ቀስ በሉ»። ጎረቤቶቿ ከሩቅ ሲያዩዋት ሆን ብለው እርምጃቸውን ያንቀራፍፉና «ይኸው ቀስ ብለናል!» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። እየሳቀች ግን ዓይኗ እግራቸው ሥር ድንጋይ ይፈልጋል።

ካውያ ትፈራለች። ልብስ ተኩሳ፣ ሶኬቱን ነቅላ፣ በሩን ቆልፋ ከወጣች በኋላ መንገድ ላይ ቆም ትልና ተመልሳ የነቀለችውን ሶኬት ታየዋለች። የታሰረ ውሻ ካልታሰረው አብልጣ ትፈራለች፤ «የታሰረው ቂም ይዟል» ትላለች። ሰማዩ ሲያጉረመርም መስታወቱን በአንሶላ ትሸፍናለች። ድልድይ ስትሻገር አትናገርም፤ ድምፅዋ እንኳ ክብደት የሚጨምር ይመስላታል።

ባሏ ደግሞ የእሷ ግልባጭ ነው። ጓደኞቹ «ብረቱ» ይሉታል። «በሽታ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል» እያለ ይፎክራል፤ እውነትም ተኝቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ሁለቱ ከከተማው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ መሬት ተከራይተው ቲማቲም ያለማሉ። ተክሉን እንጨት ላይ የምታስረው፣ የምታርመውና የምትለቅመው እሷ ናት፤ የሚያጠጣውና የሚረጨው እሱ ነው። የእሷ ጣቶች ከቲማቲም ቅጠል የተነሳ ሁልጊዜ አረንጓዴ ናቸው፤ ስታቅፈኝ አንገቴ ላይ የሚቀረው ያ የሚመር ሽታ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምትፈራ ሴት አንድ ነገር ብቻ አትፈራም ነበር። ያም የመኝታ ቤቷ መስኮት ላይ፣ ከጥርስ ብሩሾቹ ጎን፣ በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ይቀመጥ የነበረው ፈሳሽ ነው። ቀለሙ ዘይት የመሰለ፣ ውሃ ሲነካው ወዲያው ወተት የሚሆን። ባሏ ገበያ መሀል ካለ አንድ ሱቅ ያመጣዋል። ቲማቲሙ ትል ሲገባበት ፕላስቲኩን ብድግ አድርጋ ታቀብለዋለች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረግ ታደርግና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

«እንዴት ይህን ሳትፈሪው ቀረሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

ዓይኔን አየችኝ፤ ጥያቄው ራሱ የገረማት መሰለኝ። «ስሙ መድኃኒት ነዋ!» አለችኝ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ይህን ቃል ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። መድኃኒት። የሚያድን ማለት ነው። ለራስ ምታት የሚዋጠው መድኃኒት ነው፤ ትል የሚገድለውም መድኃኒት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር በአንድ ስም፣ በአንድ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማንም «ቀስ በሉ» አላለም። እሷ እንኳ አላለችም።

ብረቱ ሲበጠብጥ የሚለካው በክዳን ነው። ባለ ሱቁ የነገረውን ያህል ይጨምርና አንድ ክዳን ደግሞ «ይቺ ምርቃት ናት» ብሎ ያክልበታል፤ ሽንኩርት የሚያስመዝን ይመስል። የሚያማስለው ባገኘው እንጨት ነው፤ እንጨት ካጣ በእጁ። የመርጫው ጫፍ ሲደፈን ይነቅለውና በአፉ እፍ ይልበታል። ከዚያ ትፍ ብሎ ይቀጥላል።

አንድ ጊዜ የግብርና ባለሙያዋ አትክልተኞቹን ዛፍ ሥር ሰብስባ ነበር። ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አጉልታ አሠርታ ይዛ መጣች፤ ጓንት፣ ጭምብልና ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ተሥሎበታል። «ቀዩ መስመር በጣም አደገኛ ነው ማለት ነው። ወረቀት የሌለውን ዕቃ አትግዙ፤ ከትልቁ ቀንሶ በሌላ ዕቃ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው» አለቻቸው። ብረቱ ከኋላ ሆኖ፣ «እኔ የምለው፣ እንዲህ ለብሼ ቲማቲም ልረጭ ነው ወይስ ጨረቃ ላይ ልወጣ?» አለ። ዛፉ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴም ሳቀች። ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ትቆማለች፤ ሳቋን እንደ ወደቀ ዕቃ መሬት ላይ የምትፈልገው ይመስለኛል።

ነገሩ የደረሰው ነፋስ ባለበት አንድ ትኩስ ጠዋት ነው። ብረቱ መርጫውን ሞልቶ በጀርባው አዘለ። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ በተራመደ ቁጥር ከላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ራሰ። «ጀርባዬን ቀዝቀዝ አደረገኝ፤ ለዚህ ሙቀት ጥሩ ነው» አላት። እሷ ከጎኑ ባለው መስመር የበሰለውን እየለቀመች ነበር። የራሰውን ሸሚዝ አየችው። ላብ ነው ብላ አለፈች። ነፋሱ ጉሙን ወደ እሱ ፊት ሲመልሰው ብረቱ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ ይዘፍን ነበር።

የለቀመችውን ሳጥን ለደንበኛቸው፣ ለአትክልት ቤቷ ባለቤት፣ ልከው ቤት ሲገቡ ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆው በእጁ ላይ ተንቀጠቀጠና ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነው፤ እሱ ግን አልጮኸም። «ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ አፍንጫውም ዓይኑም አብረው ይፈሳሉ። ግንባሩ ላይ ላብ እንደ ዶቃ ተደርድሯል። ምራቁን ይውጠዋል፣ ይውጠዋል፣ ግን አያልቅለትም። ከታችኛው የዓይኑ ቆዳ ሥር አንድ ነገር ይርገበገባል፤ ትንኝ ገብታ መውጫ ያጣች ይመስል።

«በረደህ?» አለችው። ብርድ ልብስ አምጥታ በእርጥቡ ሸሚዝ ላይ ጠቅልላ አለበሰችው። እጆቿን ትከሻው ላይ አድርጋ አሸችው።

ያኔ ነው ብረቱ ቀና ብሎ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ፣ ቤቱን ለምን አጨለምሽው?» ያላት።

እኩለ ቀን ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። የፀሐዩ ጫፍ እግሩ ጋ ደርሷል።

«መብራት አብሪልኝ እንጂ።»

ጎንበስ ብላ ዓይኑን አየችው። የዓይኑ ብሌን መርፌ የወጋው ቀዳዳ አክሎ ጠቧል። ያን ያህል ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ብርሃን ፍለጋ የሚያይ ሰው አይታ አታውቅም። ፍርሃት ጨለማ ውስጥ ይኖራል ብዬ ነበር የማስበው፤ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎም ይጠብቃል ለካ።

ፕላስቲኩን ከመስኮቱ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጎረቤት ጠርታም ደግፈው ባጃጅ ላይ አወጡት። ባለ ባጃጁ የሰፈር ልጅ ነው፤ እሷን ሲያይ ልማዱን አውቆ ቀስ አድርጎ ተነሳ።

«ፍጠን!» አለችው።

ልጁ ዞሮ አያት። «እትዬ ቀስ በሉ፣ አንቺ ነሽ?»

«ፍጠን አልኩህ! እባክህ ፍጠን!»

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሱ ተቀበላቸው። «ምን ሆነ፣ እናቴ?»

«መድኃኒት... መድኃኒት በዝቶበት ነው» አለችው።

ነርሱ ወረቀት እየሳበ፣ «ስንት ፍሬ ዋጠ?» አላት።

«ፍሬ?» አለች ግራ ገብቷት። «ፍሬውን አልበላም። ፍሬውን የለቀምኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ረጋ በይ። አንቺ ስንት ፍሬ ሰጠሽው?»

«ኧረ ምንም አልሰጠሁትም! ፍሬው በሳጥን ነው ያለው፣ ለአትክልት ቤቷ ልከንላታል...»

«መድኃኒቱን በሳጥን ነው የላክሽው?»

በዚህ መሀል ብረቱ አግዳሚው ላይ ተጠማዞ አስታወከ። የሁለቱ ንግግር አንድ ቃል ይዞ በሁለት መንገድ እየሄደ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ነርሱ ክኒን ያስባል፣ እሷ ቲማቲም ታስባለች። በመጨረሻ አክስቴ ጮኸች፦ «ቅጠሉን እየረጨ ነው እኮ! ትሉን! የቲማቲሙን ትል!»

ነርሱ ወረቀቱን ጣለ። «መርዝ ነው አትይኝም?!»

መርዝ። ያ ቃል እሷ ቤት ተነግሮ አያውቅም። አሁን ከሰው አፍ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ሮጠ። ነርሱ ጓንት አጠለቀና ያንን በደንብ ጠቅልላ ያለበሰችውን ብርድ ልብስ ገፈፈ፤ ሸሚዙን በመቀስ ሰንጥቆ ከረጢት ውስጥ ከተተ። «ይሄን ልብስ ማን ነው ላዩ ላይ ያቆየው? በቆዳው እየገባ ነው እኮ!» አለ። ብረቱን በሳሙና አጠቡት፣ ደግመው አጠቡት። እሷንም ወደ ቧንቧው ወስደው እጆቿን እስከ ክንዷ አሳጠቧት። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ እያየች፣ ከዚህ ውስጥ የትኛው ቅጠል፣ የትኛው ሞት እንደሆነ መለየት አቃታት።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ግን የሚንቀጠቀጥ ሰውን የሚያቆም ዓይነት ነው። የብረቱን ዓይን በባትሪ አየች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ መርፌ አዘዘች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች። «ዕቃውን ይዘሻል?»

አክስቴ ፕላስቲኩን ከቦርሳዋ አወጣች። ሐኪሟ በጓንት ይዛ አገላበጠችው። ወረቀት ነበረው። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ተራራ ተሥሏል፤ ሥሩ «ንጹሕ የመጠጥ ውሃ» ይላል።

ሐኪሟ ፕላስቲኩን አስቀመጠችው። «ዓይኑንና ምራቁን አይተን የመጀመሪያውን መርፌ ጀምረናል። ግን እነዚህ መርዞች ወገን ወገን አላቸው። አንዱን ወገን የሚረዳ ሁለተኛ መርፌ አለ፤ ለሌላው አይሆንም። የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ዋናው ጀሪካን ላይ ተጽፏል። ከየት ገዛችሁት?»

«ከገበያ።»

«ሂጂና ስሙን አምጪልኝ። ዕቃውን እንዳትነኪው፤ ስሙን ብቻ። ይሄ ስልኬ ነው።»

ሰው ስም አምጪ ተብሎ ሲላክ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አክስቴ ገበያውን እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። የምታስታውሰው ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታ እንደነበርና በየመንገዱ ያለው ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላት እንደነበር ነው።

ባለ ሱቁ ምላጭ፣ ገመድ፣ የዘር ከረጢት በተደረደረበት ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ገና የፕላስቲኩን ነገር ተናግራ ሳትጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ከእኔ አልገዛም።»

«ወንድሜ፣ ባሌ እኮ ሁልጊዜ ካንተ...»

«እህቴ፣ ገበያው ሰፊ ነው። እኔ የምሸጠው ዘር ነው።»

«ስሙን ብቻ ንገረኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሰውዬው ወደ በሩ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሱን ስም ብነግርሽ ነገ የእኔን ስም ትነግሪያለሽ። ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ልጆች አሉኝ።»

አክስቴ መዋሸት ትችል ነበር። «ለማንም አልናገርም» ብትለው ምን ነበረበት? ግን መዋሸትም ትፈራለች። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እነግራለሁ» አለችው። «ከዳነ 'ስሙን የነገረኝ ሰው ነው' ብዬ እነግራለሁ። ከሞተ 'ስሙን የደበቀኝ ሰው ነው' ብዬ እነግራለሁ። ምረጥ።»

ባለ ሱቁ አያት። እሱም እንደ እሷ ፈርቷል፤ ላቡ አገጩ ላይ ወርዷል። ሁለት የፈሩ ሰዎች በአንድ ባንኮኒ ግራና ቀኝ። ከዚያ ሳይናገር መጋረጃውን ገለጠላት።

ጓዳው መስኮት የለውም። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ጀሪካን፣ አጠገቡ ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ ዙሪያውን ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች። ጀሪካኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሰውዬው ራሱ ነው ያዞረው፤ በየቀኑ ከመቅዳቱ በፊት ወረቀቱ ላይ የተሣለውን የራስ ቅል ላለማየት። በጓንት ይዞ ወደ እሷ መለሰው፤ ለእሱስ ጓንት ነበረው። አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ተቀመጠችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«አገኘሁት፣ ዶክተር።»

«ጎበዝ። ከታች ያለው መስመር ምን ቀለም ነው?»

«ቀይ ነው። የራስ ቅልም አለው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ይሄን ሁሉ ቀን መስኮቴ ላይ...»

«አሁን አታልቅሺ። ከስሙ ሥር ምን ይላል? ፊደል በፊደል ንገሪኝ።»

ፊደሎቹ ጉንዳን ያክላሉ፤ ገሚሶቹን የፈሰሰው መርዝ በልቷቸዋል። አክስቴ ስሙን እንደ ሕፃን እየቆጠረች አነበበች። ረጅም ስም ነው፤ አፍ ውስጥ አይታጠፍም። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ ሁለቴም ሐኪሟ ከመጀመሪያው አስጀመረቻት።

«አሁን 'ለሐኪም' የሚል ፈልጊልኝ።»

ጣቷን ሳታስነካ በዓይኗ ወረደች። እየወረደች ሳለ ያልጠየቀቻትንም አነበበች። ነፋስ ባለበት ጊዜ አይረጩ። ጓንትና ጭምብል ያድርጉ። ከምግብና ከመኝታ ክፍል ያርቁ። ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ። በአፍ አይንፉ። ልብስዎ ከራሰ ወዲያውኑ ያውልቁና በሳሙና ይታጠቡ። የቤቷን ኑሮ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ የጻፈው መሰላት፤ እያንዳንዱ መስመር ባሏ ያደረገውን ነገር በስሙ ይጠራል። ከተረጨ በኋላ እስከ አሥራ አራት ቀን ድረስ ምርቱን አይልቀሙ።

እዚህ ጋ ዓይኗ ቆመ። የጠዋቱ ሳጥን።

«አለሽ? 'ለሐኪም' የሚለውን አገኘሽው?»

«አለሁ። አገኘሁት።» አነበበችላት።

ከወዲያ በኩል ሐኪሟ ለነርሱ የሆነ ነገር ስትል ተሰማ፤ የሚሮጥ ጫማ ተሰማ። «በቃ፣ እትዬ። ከዚያ ክፍል ውጪ» አለቻት።

ደጅ እንደወጣች መጀመሪያ የደወለችው ለአትክልት ቤቷ ባለቤት ነው። «ሳጥኑን እንዳትነኪው! አንድም ፍሬ እንዳትሸጪ!» ስትላት ሴትዮዋ ሳቀች፤ «ደግሞ ዛሬ ቲማቲም መፍራት ጀመርሽ?» አለቻት። አክስቴ ማስረዳት አልቻለችም፤ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሴትዮዋም ልቅሶውን ስትሰማ ሳቋን ዋጠችና ሳጥኑን ከመደርደሪያው አወረደችው። ገና አልተከፈተም ነበር።

እኔ ጤና ጣቢያ የደረስኩት አመሻሹ ላይ ነው። ብረቱ ክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቶበት ተኝቷል። በሽታ መንገድ የሚቀይርለት ሰው፣ ሲተነፍስ ደረቱ እንደ ወረቀት ያለ ድምፅ ያሰማ ነበር። አክስቴ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኑን ትጠብቃለች። ፊቱን ሳይሆን ዓይኑን። ሐኪሟ በመጣች ቁጥር ባትሪዋን ታበራና፣ «ትንሽ ሰፋ» ወይም «ገና ነው» ትላለች። «ገና ነው» ስትል አክስቴ አታለቅስም፣ አትጠይቅም፤ የአልጋውን ብረት ብቻ ትጨብጣለች። ሞት እንዲህ በጠበበች ቀዳዳ ሊገባ መቻሉን ሳስብ እኔም የራሴን ዓይን ለመጨፈን ፈራሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ብረቱ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አተኩሮ አየ። «ይሄ መብራት እንዴት ነው የሚያበራው? ዓይኔን ወጋኝ» አለ። አክስቴ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ከዚያች ሰዓት በፊት በብርሃን የሚማረር ሰው እንዲህ ደስ ሊያሰኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ገበያ መሀል ያለው ሱቅ በዚያው ሳምንት ታሸገ። አክስቴ ቃሏን ጠብቃ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ ሁለቱንም ተናግራለች፦ መጀመሪያ እንደደበቃት፣ ኋላ ደግሞ እንዳሳያት። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የተናገረችው፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ በሩን ቆለፈች፤ ፈርታ ነበር። የቀረውን ፕላስቲክ የግብርና ባለሙያዋ መጥታ ወሰደችው። መስኮቱ ላይ ክብ የዘይት ምልክት ቀርቷል፤ አክስቴ ብትፈትገውም አልለቅ አላት፤ የጥርስ ብሩሾቹ ግን ወደ ሌላ ክፍል ሄደዋል።

ብረቱ ከጤና ጣቢያው ከመውጣቱ በፊት፣ እኔ እዚያው ሳለሁ፣ ነርሱ በትንሽ ኩባያ ክኒን ይዞ ገባ። ያው የመጀመሪያው ቀን ነርስ ነው። «የመድኃኒት ሰዓት ደርሷል» አለ።

ባልና ሚስት አብረው ደነገጡ። ብረቱ አፉን ገጥሞ ወደ ግድግዳው ሸሸ። አክስቴ ተነሳችና ኩባያውን ከነርሱ እጅ ተቀበለች።

«ማሸጊያውን አሳየኝ» አለችው።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት ነው።»

«ያም መድኃኒት ነበር።»

ነርሱ ሊስቅ አስቦ ተወው። ኪሱን ፈትሾ ማሸጊያውን ሰጣት። መነጽሯን አደረገች፤ ወደ መስኮቱ ተጠጋች፤ ከላይ ጀምራ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ስሙን ማንበብ ጀመረች። ከኮሪደሩ ሌላ ሕመምተኛ ነርሱን ጠራው፤ ነርሱ ግን አልሄደም፣ ጠበቃት።

ብረቱ ከትራሱ ላይ ሆኖ ያያት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በዚያች ቃል ሲቀልድባት የኖረ ሰው ነው።

«ቀስ በይ» አላት። «ቀስ ብለሽ አንብቢው።»